የነርቭ ሕመሞች ሕክምና፦ ጥናቱ ያሳየውና አፈጻጸሙ ያልደረሰበት

የአንጎል፣ የሕብለ ሠረሠርና የነርቭ ሕመሞች የዓለም ሕዝብ ጤና ዋነኛ ፈተና መሆናቸውን በቅርብ ዓመታት የወጡ ጥናቶች በተደጋጋሚ አረጋግጠዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ላንሴት ኒውሮሎጂ በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳመለከተው፣ በ2021 ከዓለም ሕዝብ 43 በመቶ ያህሉ ወይም 3 ነጥብ 4 ቢሊዮን ሰው ከነርቭ ሥርዓት ጋር የተያያዘ የጤና ችግር ነበረበት። በዚሁ ምክንያት ከሚደርሰው ሞትና ከሚባክነው ጤናማ ዕድሜ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ ሀገሮች የሚከሰት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ ለእነዚህ ሕመሞች ብሔራዊ ፖሊሲ ያላቸው ሀገሮች ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ እንደማይሞሉ ገልጿል። በዝቅተኛ ገቢ ሀገሮች ያለው የነርቭ ሐኪም ቁጥር ከሕዝብ ብዛት ጋር ሲመዛዘን ከበለጸጉት ሀገሮች እስከ 82 እጥፍ እንደሚያንስም አመልክቷል።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ ከዚህ የተለየ አይደለም። ለዘርፉ የሚያስፈልጉት ባለሙያዎችና የምርመራ መሣሪያዎች በአብዛኛው የተሰባሰቡት በአዲስ አበባ ነው። በከተማዋም ውስጥ ቦሌና አካባቢው በርካታ የግል ሆስፒታሎችና የምርመራ ማዕከላት የሚገኙበት ነው። አቅሙ የፈቀደ ሕመምተኛ በዚያው በቦሌ በኩል በአውሮፕላን ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድና ወደ ሌሎች ሀገሮች ለሕክምና ይጓዛል። በክልል ከተሞችና በገጠር ያለው ሕመምተኛ ደግሞ አዲስ አበባ ለመድረስ የቀናት ጉዞና ከቤተሰቡ አቅም በላይ የሆነ ወጪ ይጠብቀዋል።

ይሁን እንጂ ችግሩን በመሣሪያና በስፔሻሊስት እጥረት ብቻ መመልከት ሙሉውን ገጽታ አያሳይም። በሀገር ውስጥ ከ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተካሄዱ ጥናቶች ሲመረመሩ፣ በርካታ የነርቭ ሕመሞችን በአነስተኛ ወጪ መከላከል ወይም መቆጣጠር እንደሚቻል ያሳያሉ። የቀረው ሥራ በአብዛኛው የአቅርቦት፣ የቁጥጥርና የአፈጻጸም ሥራ ነው። ይህም ኃላፊነቱን ከሐኪሙ ባሻገር በየደረጃው ባሉ የመንግሥት አካላት ላይ የሚጥል ነው።

ከገርጂ የተገኘ ተሞክሮ

በቦሌ ክፍለ ከተማ ገርጂ የሚገኘውና በተለምዶ ኮሪያ ሆስፒታል በመባል የሚታወቀው ሚዩንግሰንግ ክርስቲያን ሜዲካል ሴንተር እ.ኤ.አ. በ2004 አገልግሎት የጀመረ ነው። በደቡብ ኮሪያ የሚገኘው የሚዩንግሰንግ ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመው ይህ ሆስፒታል፣ በኮሪያ ጦርነት ከተሳተፈው የቃኘው ሻለቃ ውለታ ጋር ስሙ ይነሣል።

ሆስፒታሉ ለነርቭ ሕክምና ያለው ድርሻ ጎልቶ የሚታየው በሥልጠናው መስክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኖርዌይ ከሚገኘው የበርገን ዩኒቨርሲቲና ከሃውክላንድ ሆስፒታል ጋር በመተባበር የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና ሲጀምር፣ በሀገሪቱ የነበሩት የዘርፉ ቀዶ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሥልጠናው በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና በገርጂው ሆስፒታል በጣምራ ሲካሄድ ቆይቷል፤ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልም ተሳታፊ ሆኗል። ሠልጣኞቹ ለትምህርት ወደ ውጭ ከመላክ ይልቅ በሀገራቸው፣ በየዕለቱ በሚገጥማቸው ሕመምተኛ ላይ እየሠሩ እንዲማሩ መደረጉ የፕሮግራሙ ዋነኛ መለያ ነው። በዚሁ በ2006 በዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሐኪሞች የስፔሻሊቲ ሥልጠናም ተጀምሯል።

በዚህ መንገድ የሠለጠኑት ባለሙያዎች ከሕክምናው ጎን ለጎን ጥናት አካሂደዋል። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2016 በአዲስ አበባ አራት ሆስፒታሎች በጭንቅላት ጉዳት ምክንያት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ1 ሺ በላይ ሰዎች መረጃ ሰብስበዋል። ከአራቱ አንዱ የገርጂው ሆስፒታል ነበር። ከተጎጂዎቹ አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ሲሆኑ፣ ለጉዳቱ ዋነኛ ምክንያት ሆኖ የተገኘው የትራፊክ አደጋ ሳይሆን ድብደባ ነው። የትራፊክ አደጋና ከከፍታ ላይ መውደቅ በተከታታይ ይገኛሉ። በጉዳቱ ዓይነትም የራስ ቅል ወደ ውስጥ መሰርጎድና በራስ ቅልና በአንጎል ሽፋን መካከል የሚፈጠር የደም መጠራቀም ከፍተኛውን ቦታ ይዘዋል።

ይህ ውጤት ለሐኪሙ የሚሰጠው ትምህርት እንዳለ ሆኖ፣ ለአስተዳደር አካላት የሚሰጠው ትምህርት ሰፊ ነው። በራስ ቅል ሥር የሚጠራቀም ደም በሰዓታት ውስጥ ከተወገደ ሕመምተኛው ድኖ ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። ከዘገየ ግን ሕይወቱን ያጣል፤ ወይም አካል ጉዳተኛ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የአምቡላንስ ስምሪት፣ ከክልል ሆስፒታል ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው የሪፈር ሰንሰለት፣ ጠብን አስቀድሞ የሚያበርድ የማኅበረሰብ ፖሊስ ሥራና በግንባታ ቦታዎች የሚደረግ የደኅንነት ቁጥጥር ሁሉ የአንጎል ሕክምና አካል ሆነው ሊታዩ ይገባል። ሕንፃ በብዛት በሚገነባባቸው የቦሌና የለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች የመጨረሻው ነጥብ የተለየ ትኩረት የሚሻ ነው።

የቡታጅራው ማስረጃ

ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ብዙ ሰው የሚነካው ሕመም ግን የሚጥል በሽታ ነው። ስለዚህ በሽታ በሀገሪቱ ያለው ጠንካራ ማስረጃ የተገኘው ከሆስፒታል ሳይሆን ከገጠር ነው። ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1988 ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ቡታጅራና አካባቢዋ ቤት ለቤት ባካሄዱት ጥናት 60 ሺ 820 ሰዎችን አካተዋል። በመጀመሪያ የሠለጠኑ መረጃ ሰብሳቢዎች በመጠይቅ ምልክት ያለባቸውን ለዩ፤ ቀጥሎም የነርቭ ሐኪም እያንዳንዱን መረመረ።

በዚህም 316 ሰዎች የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ተረጋገጠ። ይህም ከ1 ሺ ሰው 5 ነጥብ 2 ማለት ነው። በበሽታው ይበልጥ የተጠቁት ከ10 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ላይ የሚገኙት ሲሆኑ፣ ከሕመምተኞቹ 8 ነጥብ 5 በመቶ ያህሉ በሚወድቁበት ጊዜ በእሳት ተቃጥለዋል። ከሁሉም በላይ ትኩረት የሳበው ግን ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት 1 ነጥብ 6 በመቶ ብቻ መሆናቸው ነው። በዚያው አካባቢ በተደረገ ተከታይ ጥናት በየዓመቱ ከ100 ሺ ሰው 64ቱ በአዲስ መልክ በበሽታው እንደሚያዙ ታውቋል።

የቡታጅራው ስሌት ከ100 ሚሊዮን በላይ ለሆነው የሀገሪቱ ሕዝብ ሲተረጎም ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ማለት ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በትምህርት ዕድሜ ላይ የሚገኙ ናቸው።

በበሽታው ዙሪያ ያለው የተሳሳተ አመለካከት ጉዳቱን ያባብሰዋል። በሽታው በለሃጭ ወይም በንክኪ ይተላለፋል የሚለው እምነት፣ የወደቀውን ሰው ከእሳት ወይም ከውኃ ለማውጣት የሚዘረጋውን እጅ ሳይቀር ይይዛል። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት በከተማም በገጠርም የሚታይ ልማድ ነው፤ ሆኖም ለሕመምተኛው የሚሰጠው ጥቅም የለም። ባለሙያዎች የሚመክሩት የወደቀውን ሰው አደገኛ ከሆነ ነገር አርቆ በጎኑ ማስተኛት፣ አንገቱ ላይ የጠበቀ ልብስ ካለ ማላላት፣ በአፉ ውስጥ ምንም ነገር አለማስገባትና ራሱን እስኪያውቅ ከአጠገቡ አለመራቅ ነው። ማንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ብዙ ቤተሰቦች ሕመምተኛውን ወደ ጠበል ይወስዳሉ፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እምነቱን መፈጸም እንደሚችል ማስረዳት ደግሞ ከክልከላ የተሻለ ውጤት ያስገኛል።

ርካሽ መድኃኒት፣ ረጅም መንገድ

የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያመለክተው፣ በዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሲሆን፣ በትክክል ተመርምረው ሕክምና ቢያገኙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ከመውደቅ ነፃ ሆነው መኖር ይችላሉ። ፌኖባርቢታል የተሰኘው የቆየ መድኃኒት ለአንድ ሕመምተኛ በዓመት እስከ 5 የአሜሪካ ዶላር በሚወርድ ዋጋ ሊቀርብ እንደሚችል ድርጅቱ ይገልጻል።

ይህ መድኃኒት በገጠር ጤና ባለሙያዎች እጅ ሊሰጥ እንደሚችል በቻይና ተሞክሯል። በገጠር በተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ፕሮጀክት፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪሞች 2 ሺ 455 ሕመምተኞችን አክመዋል። የአንድ ዓመት ሕክምናቸውን ካጠናቀቁት 68 በመቶ የሚሆኑት የመውደቃቸው ብዛት ቢያንስ በግማሽ ሲቀንስ፣ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ጨርሶ አልወደቁም።

ኢትዮጵያም በዚሁ አቅጣጫ ተጉዛለች። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮና የነርቭ ሕመሞችን አገልግሎት በጤና ጣቢያ ደረጃ ለማስፋት የነደፈውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2010 ተግባራዊ ማድረግ ከጀመሩት ቀዳሚ ሀገሮች አንዷ ነች። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም የሚጥል በሽታን ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ሕመሞች መድቦታል። ለቡታጅራ በሚቀርበው የሶዶ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተካሄደው ፕራይም የተሰኘ ፕሮጀክት ደግሞ፣ የጤና መኮንኖችና ነርሶች ሠልጥነው አገልግሎቱን በጤና ጣቢያ መስጠት እንደሚችሉ አሳይቷል። በዚያው መጠን የመድኃኒት መቆራረጥ፣ የሠለጠነው ባለሙያ ወደ ሌላ ቦታ መዛወርና የሕመምተኛው የትራንስፖርት ወጪ አገልግሎቱን እንደሚያዳክሙ ታይቷል።

የመድኃኒት መቆራረጥ ጉዳይ ጠለቅ ብሎ ሊታይ የሚገባው ነው። ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶች ስምምነት ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች ተመድቧል። በዚህም ምክንያት ለማስገባት፣ ለማከማቸትና ለማሠራጨት ከሌሎች መድኃኒቶች የበለጠ ፈቃድና መዝገብ ይጠይቃል። ዋጋው ዝቅተኛ በመሆኑ ደግሞ ለአስመጪ የሚያስገኘው ትርፍ አነስተኛ ነው። ርካሹ መድኃኒት ከውዱ ይልቅ ከገበያ ሊጠፋ የሚችለው በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ነው።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የሚያስከትለው ጉዳት ከሌሎች ይለያል። ለወራት ያልወደቀ ሰው መድኃኒቱ በተቋረጠ በቀናት ውስጥ ተደጋጋሚና የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ሊገጥመው፣ ለሞትም ሊዳርገው ይችላል። ስለሆነም የአንድ ወር የግዥ መዘግየት በሪፖርት ላይ እንደ አንድ የአፈጻጸም ክፍተት ቢመዘገብም፣ በሕመምተኛው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሊመለስ የማይችል ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንና የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች የየራሳቸውን ድርሻ በጋራ ሊመለከቱት የሚገባው ለዚህ ነው።

በምርመራው በኩልም እንዲሁ ቀላል መንገዶች አሉ። የሚጥል በሽታን ለመለየት የመጀመሪያውና ዋነኛው መሣሪያ ሕመምተኛው ሲወድቅ ያየው ሰው የሚሰጠው ቃል ነው። የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው የኢኢጂ ምርመራና ኤም አር አይ አስፈላጊነታቸው ያኔ የሚመጣ ነው። ኢኢጂ ትክክለኛ ሆኖ መታየቱም በሽታው የለም ለማለት አያበቃም። በሌሎች ሀገሮች የተካሄዱ ጥናቶች እንዳረጋገጡት፣ ቤተሰብ በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚቀርጸው ምስል ስፔሻሊስቱ በሽታውን በትክክል እንዲለይ በእጅጉ ይረዳዋል። በአዲስ አበባ ያለው ስፔሻሊስት በወረዳ ያለውን ነርስ በስልክ የሚያማክርበት አሠራር ቢዘረጋ፣ ሕመምተኛው ለምርመራ ብቻ የሚያደርገውን ጉዞ ይቀንሳል።

ከመወለድ በፊት በ28 ቀናት

ሁለተኛው የማስረጃ መስክ ሕፃናትን የሚመለከት ነው። የፅንሱ አንጎልና ሕብለ ሠረሠር የሚሠራበት ቱቦ እርግዝናው በተጀመረ በ28 ቀናት ውስጥ ይዘጋል። ሳይዘጋ ሲቀር ሕፃኑ ያለ ሙሉ ራስ ቅል ወይም ጀርባው ላይ ክፍተት ኖሮበት ይወለዳል። የመጀመሪያው ዓይነት ለሕልፈት የሚዳርግ ነው። ስፓይና ቢፊዳ የተሰኘው ሁለተኛው ደግሞ እግርን ያሽመደምዳል፤ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠርን ያውካል፤ ብዙ ጊዜም በጭንቅላት ውስጥ የውኃ መጠራቀምን ያስከትላል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ችግሩ በኢትዮጵያ ከፍተኛ መሆኑን አሳይተዋል። በአዲስ አበባ በሦስት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች በተካሄደው ጥናት ከ10 ሺ ወሊድ ወደ 63 የሚጠጋ ሲገኝ፣ በትግራይ ሆስፒታሎች የተካሄደው ደግሞ ከ10 ሺ ከ100 በላይ መሆኑን አመልክቷል። ምግብን በፎሊክ አሲድ በሚገባ ያበለጸጉ ሀገሮች ቁጥሩን ከ10 ሺ ወደ 5 ወይም 6 ዝቅ ማድረግ ችለዋል።

መከላከያው ከታወቀ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት መሪነት በበርካታ ሀገሮች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው ጥናት፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ፎሊክ አሲድ ቢወስዱ ችግሩ ዳግም የመከሰት ዕድሉን በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

የአፈጻጸሙ ችግር ያለው ከጊዜው ላይ ነው። በጤና ጣቢያ የሚታደለው የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል እናትየው ለእርግዝና ክትትል ከመጣች በኋላ የሚሰጥ ነው። በዚያን ጊዜ ግን 28ቱ ቀናት ካለፉ ወራት ሆነዋል። አብዛኛዎቹ እናቶች በእነዚያ ቀናት ውስጥ ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። በመሆኑም ፎሊክ አሲድ ከዕለት ምግብ ጋር አስቀድሞ መድረስ አለበት።

መንግሥት በዚህ ረገድ የወሰደው እርምጃ ተጠቃሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በንጥረ ነገር እንዲበለጽጉ የሚያስገድድ ደረጃ ጸድቋል። ይሁንና የፋብሪካ ዱቄት በብዛት የሚደርሰው ለከተማ ነዋሪ ነው። ጤፉን፣ ገብሱን ወይም በቆሎውን በአካባቢው ወፍጮ የሚያስፈጨው የገጠር ቤተሰብ ከዚህ ተጠቃሚ የሚሆንበት ዕድል ጠባብ ነው። ተመራማሪዎች ጨውን በአዮዲንና በፎሊክ አሲድ በአንድነት ማበልጸግ የሚቻልበትን መንገድ ሲያጠኑ የቆዩት በዚህ ምክንያት ነው። ጨው ሀብታም ደሃ ሳይል ሁሉም ቤት የሚገባ ሲሆን፣ የሀገሪቱ ጨው በአብዛኛው የሚመረተው በአፋር ክልል በመሆኑ ለቁጥጥር አመቺ ነው። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ደንብ አፈጻጸምም ለዚህ ሥራ መነሻ የሚሆን ልምድ አስገኝቷል።

የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ባሳለፈው ውሳኔ አባል ሀገሮች ምግብን በማበልጸግ እንዲህ ያለውን የአካል ጉዳት እንዲከላከሉ ጠይቋል።

መከላከል በማይቻልበት ጊዜ ሕክምናው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚሰጠው አገልግሎት ያሳያል። በሆስፒታሉ ሪች አናዘር ፋውንዴሽን በተሰኘ ድርጅት ድጋፍ የጀርባ ክፍተትና የጭንቅላት ውኃ ላለባቸው ሕፃናት ቀዶ ሕክምና ሲሰጥ ቆይቷል። ቀዶ ሕክምናው ሕይወት ያተርፋል። ሆኖም ሕፃኑ በቀሪ ዘመኑ የኩላሊት፣ የአጥንትና የነርቭ ክትትል ያስፈልገዋል። በእያንዳንዱ ኪሎ ጨው ወይም ዱቄት ላይ የሚጨመረው የፎሊክ አሲድ ወጪ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሁለቱ ጉዳዮች የሚገናኙበት ነጥብም አለ። ለሚጥል በሽታ የሚታዘዘው ቫልፕሮየት የተሰኘ መድኃኒት በእርግዝና ወቅት ሲወሰድ ለዚሁ የሕብለ ሠረሠር ጉዳት ስለሚያጋልጥ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች እንዳይታዘዝ ይመክራል። በጤና ጣቢያ ሌሎቹ አማራጭ መድኃኒቶች ሳይኖሩ ቫልፕሮየት ብቻ የሚገኝ ከሆነ ግን ምክሩ ተግባራዊ ሊሆን አይችልም።

ጓያና የደም ግፊት

የነርቭ ሕመም መንስኤ ከጤና ተቋም ውጪ ሊሆን እንደሚችል የአማራ ክልል ተሞክሮ ያስረዳል። ጓያ ድርቅን የሚቋቋም፣ ሌላው ሰብል ሲጠፋ የሚደርስ እህል ነው። ለረዥም ጊዜ ዋነኛ ምግብ ሆኖ ብቻውን ሲበላ ግን በውስጡ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር እግርን ለዘለቄታው ያሽመደምዳል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ድርቅን ተከትሎ በደላንታና ዳውንት አካባቢ ወረርሽኝ በሚባል ደረጃ ተከስቶ ነበር።

ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና የቤልጅግ ባልደረቦቻቸው ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት ላይ የወጣው ጥናት፣ ጓያን በቆሎና በንፍሮ መልክ መመገብ አደጋውን ሲጨምር፣ ከሌሎች እህሎች ጋር ቀላቅሎ መመገብ እንደሚቀንሰው አመልክቷል። ለዚህ በሽታ ፈዋሽ መድኃኒት የለም። መከላከያው በችግር ጊዜ የእርዳታ እህል ቀድሞ መድረሱ ነው። ይህ ደግሞ የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር እንጂ የሆስፒታል ተግባር አይደለም።

በከተሞች እያደገ የመጣው ስትሮክም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው፣ አብዛኛዎቹም ሕክምና እንዳልጀመሩ አሳይቷል። ስትሮክ ከተከሰተ በኋላ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ፣ ያውም በሲቲ ስካን ደም መፍሰስ አለመኖሩ ከታየ ነው። ይህንን ጊዜ በአዲስ አበባ ነዋሪ እንኳ ለማሟላት የሚቸገርበት አጋጣሚ ብዙ ነው። የደም ግፊትን መለካት ግን በየትኛውም ጤና ጣቢያና መሥሪያ ቤት በደቂቃዎች የሚከናወን ነው።

የሚጠበቀው አፈጻጸም

እነዚህ ማስረጃዎች ከፍተኛ ሕክምና አያስፈልግም ወደሚል ድምዳሜ አያደርሱም። የአንጎል ዕጢ ያለበትን፣ ጭንቅላቱ የተጎዳውን ወይም መድኃኒት ያልበጀውን ሕመምተኛ ለመርዳት የገርጂው፣ የጥቁር አንበሳውና የዘውዲቱው ዓይነት ማዕከላት ሊጠናከሩና በክልሎችም ሊስፋፉ ይገባል። ለውጭ ሀገር ሕክምና የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ለመቀነስም አማራጭ የለውም። ይሁን እንጂ በጤና ጣቢያ ሊረዳ የሚችለው ሕመምተኛ ሁሉ ወደ እነዚህ ማዕከላት ሲጎርፍ፣ ማዕከላቱ ለእነርሱ ብቻ የሚበጀውን ሕመምተኛ ማስተናገድ ይሳናቸዋል።

በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚገኘው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ነው። ሆስፒታሉ የአማኑኤል ሆስፒታል ማስፋፊያ ሆኖ ለአእምሮ ሕክምና ቢገነባም፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም የኮቪድ 19 ወረርሽኝ በሀገሪቱ ሲከሰት ቀዳሚው የሕክምና ማዕከል ሆኖ አገልግሏል። ለአስቸኳይ ጉዳይ ሰው፣ መድኃኒትና በጀት በአጭር ጊዜ ማንቀሳቀስ እንደሚቻል ያኔ ታይቷል። የሚጥል በሽታ፣ ስትሮክና የጀርባ ክፍተት በአንድ ጊዜ የሚፈነዱ ወረርሽኞች ባለመሆናቸው ያንን ዓይነት ትኩረት አላገኙም፤ የሚያደርሱት ጉዳት ግን በየዓመቱ የሚደጋገም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አባል ሀገሮች እ.ኤ.አ. በ2022 ያጸደቁት የአሥር ዓመት የድርጊት መርሐ ግብር እስከ 2031 የሚደረስበትን ግብ አስቀምጧል። የሚጥል በሽታን በሚመለከት ከሕመምተኞቹ 90 በመቶ የሚሆኑት በሽታው ሊታከም የሚችል መሆኑን እንዲያውቁ፣ 80 በመቶ መድኃኒት እንዲያገኙ፣ ሕክምና ካገኙት 70 በመቶ የሚሆኑት በሽታው እንዲቆጣጠርላቸው ይጠበቃል። ለዚህ መነሻ የሚሆነው በየወረዳው ያለው ሕመምተኛ በመዝገብ መታወቁ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት በሚያደርጉት ጉብኝት የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው መለየት እንደሚችሉ፣ በቡታጅራ ሐኪም ባልሆኑ መረጃ ሰብሳቢዎች የተከናወነው ሥራ አስቀድሞ አሳይቷል።

ሌላው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድርሻ በራሳቸው ቅጥር ግቢ ውስጥ ያለው ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሠራተኛ መድኃኒቱን እስከወሰደ ድረስ አብዛኛውን የቢሮ ሥራ ማከናወን ይችላል። ሕመሙ ስለታወቀበት ብቻ ከቅጥር፣ ከዕድገት ወይም ከሥልጠና የሚገለልበት ምክንያት የለም። ለክትትል ቀጠሮው የሚሰጠው ፈቃድ፣ ባልደረቦቹ ስለ መጀመሪያ እርዳታ የሚሰጣቸው የግማሽ ሰዓት ገለጻ፣ ለሁሉም ሠራተኛ በየጊዜው የሚደረግ የደም ግፊት ልኬታ ተጨማሪ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም።

ከአራት አሥርት ዓመታት ገደማ በፊት በቡታጅራ የተገኘው 1 ነጥብ 6 በመቶ ዛሬም ለሚመለከታቸው ሁሉ መለኪያ ሆኖ ሊያገለግል ይገባል። እያንዳንዱ ወረዳ በበኩሉ ስንት ሕመምተኛ እንዳለው፣ ከእነዚህ ስንቱ ባለፈው ወር መድኃኒቱን ሳይቋረጥበት እንደወሰደ፣ በገበያው ላይ ያለው ጨውና ዱቄት ደረጃውን አሟልቶ እንደሆነ በሩብ ዓመት ሪፖርቱ ላይ ማስፈር ከቻለ፣ ጥናቱ ያሳየው መንገድ ወደ አፈጻጸም መሸጋገሩ በቁጥር የሚረጋገጥ ይሆናል።